የመጠየቅ መብት፣ መልስ የማግኘት ዋስትና

የቦሌ፣ የየካና የለሚ ኩራ ነዋሪዎች ሆይ!
ውድ መራጮች!

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በአያት፣ በጎሮ፣ በሰሚትና በቦሌ አራብሳ የታክሲና የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ስለሚታየው ሰልፍ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። በሰልፉ ውስጥ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ጎህ ሳይቀድ ልጃችሁን ቀስቅሳችሁ ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ፣ ቁርስ ሳትቀምሱ፣ ከአራብሳ ወደ አያት፣ ከአያት ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ወደ ቦሌ የምትጓዙት እናንተ ናችሁ። ዝናብ በጣለ ቀን ረዳቱ ዋጋ የሚጨምርባችሁ፣ ነዳጅ በጠፋ ቀን ታክሲው ራሱ የሚጠፋባችሁ፣ ላባችሁ ሳይደርቅ ቢሮ ስትደርሱ «አርፍደሃል፣ አርፍደሻል» የምትባሉትም እናንተው ናችሁ።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ቢሮ ገብታችሁ የምትሠሩት ምንድን ነው? ብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር ትከፍታላችሁ። ሒሳብ ትዘጋላችሁ፤ ንድፍ ትሠራላችሁ፤ ሪፖርት ትጽፋላችሁ፤ ትተረጉማላችሁ፤ ደንበኛ በስልክ ታነጋግራላችሁ። ያው ኮምፒውተር በቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ሥራው ያው ሥራ ነው። ነገር ግን «በሳምንት ሁለት ቀን ከቤቴ ሆኜ ልሥራ» ብላችሁ አለቃችሁን ብትጠይቁ ምን ይሆናል? አለቃው ደግ ከሆነ ይፈቅዳል። ካልሆነ ይስቃል፣ ወይም ዝም ይላል፣ ወይም ስማችሁን በልቡ ይመዘግባል። የሠራተኛው ኑሮ በአለቃው ጠባይ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ፓርቲያችን ይህ መለወጥ አለበት ብሎ በጽኑ ያምናል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በሙሉም ሆነ በከፊል ከቤቱ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ካለ ሌላ ቦታ ሆኖ ለመሥራት በጽሑፍ የመጠየቅ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥም በቂ ምክንያት የተሰጠበት የጽሑፍ መልስ የማግኘት ሕጋዊ መብት ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ይህንን ቃል ይዘን በፊታችሁ ቆመናል።

ሕጉ ማርፈዳችንን ይቆጥራል፣ መንገዳችንን አይቆጥርም

በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 27 መሠረት አንድ ሠራተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ካላከበረ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊያሰናብተው ይችላል። ስምንት ጊዜ! በስድስት ወር ስምንት ማለት በወር አንድ ጊዜ ከጥቂት ነው። በክረምት ከአያት ወደ ቦሌ የሚመላለስ ሰው ይህንን ቁጥር ለመሙላት ሰነፍ መሆን አያስፈልገውም። ሁለት ሳምንት የዘለቀ የነዳጅ እጥረት ይበቃዋል።

የምንለውን በቁጥር እናሳይ። አንዲት ሠራተኛ ከቤቷ እስከ ቢሮዋ ለመሄድ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስም ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል እንበል። በሳምንት አምስት ቀን ስትመላለስ 20 ሰዓት በመንገድ ላይ ያልቃል። በአራት ሳምንት 80 ሰዓት ይሆናል። አዋጁ መደበኛውን የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ስለወሰነው፣ ይህች ሴት በየወሩ 10 የሥራ ቀን የሚያህል ጊዜ ማንም ሳይከፍላት ለመንገድ ትገብራለች። ከአምስቱ ቀን ሁለቱን ብቻ ከቤቷ ብትሠራ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ወደ ልጆቿ፣ ወደ ትምህርቷ ወይም ወደ ዕረፍቷ ይመለስላታል።

ሕጉ ግን ማርፈዷን ብቻ ያያል። የምታረፍድበትን ምክንያት ለመቀነስ የምታቀርበውን ጥያቄ አሠሪው ተቀብሎ እንዲመልስ የሚያስገድድ አንድም አንቀጽ በዚህ አዋጅ ውስጥ የለም። ቅጣቱ በሕግ ተጽፏል፤ መፍትሔው ግን ለአለቃው በጎ ፈቃድ ተትቷል። እንዲህ ያለውን ሕግ አባቶቻችን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብለው ይገልጹታል።

ከከተማው መሐል ወደ ጠርዝ የገፋን ማን ነው?

ይህ መንገድ የረዘመው በእኛ ምርጫ አይደለም። ላለፉት ሃያ ዓመታት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአብዛኛው የተሠሩት በከተማው ጠርዝ ነው። ዕጣ የደረሰው ዕድለኛ ተብሎ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ገባ። ሥራው ግን መሐል ከተማ ቀረ። በቅርቡ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ወገኖቻችን ወደ ከተማው ዳርቻ ተወስደዋል። ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ተውቧል፤ መብራቱ ያምራል፤ የእግረኛ መንገዱም ሰፍቷል። ይህንን አንክድም። ነገር ግን በዚያ ባማረ መንገድ ዳር ሰዓቱን እያየ ታክሲ የሚጠብቀው ሠራተኛ በመብራቱ ማማር ብቻ ቢሮው አይደርስም።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ያን ጊዜ ለምሥራቁ የከተማችን ክፍል ትልቅ ተስፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በመለዋወጫ እጦትና በብልሽት ከአገልግሎት የወጡት ባቡሮች በዙ። ተሳፋሪው እንደ ሰርዲን ታጭቆ መሄድን እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንዲቀበል ተደረገ። ከሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በደረጃ እየተነሣ ሄደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላም ኑሮው ይበልጥ ከበደ። የታክሲ ሒሳብ ጨመረ፤ የምሳ ሒሳብ ጨመረ፤ የልጅ ማቆያ ሒሳብ ጨመረ። ሠራተኛው ከደመወዙ ላይ ወደ ሥራ ለመሄድ ብቻ የሚከፍለው ድርሻ በየጊዜው አደገ። ይህንን ሸክም በአንድ ቀን ማንሣት አይቻል ይሆናል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለማቅለል ግን አንድ የሕግ አንቀጽ ይበቃል።

«አይቻልም» ያሉት ራሳቸው አድርገውት አይተናል

ገዥው ፓርቲ ከቤት መሥራት ለኢትዮጵያ አይሆንም ሊለን አይችልም። ራሱ አድርጎታልና!

የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ መጋቢት 16 ቀን፣ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዘ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያ ወቅት በቦሌና በአካባቢዋ የሚገኙ ብዙ የግል ድርጅቶችም ሠራተኞቻቸውን ወደ ቤት ላኩ። ስብሰባው በቪዲዮ ሆነ። ፊርማው በኢሜይል ተላከ። የሒሳብ ሠራተኛው ሳሎኑ ውስጥ ሆኖ ደመወዝ ሠራ። ዝግጅት አልነበረም፤ ሥልጠና አልነበረም፤ ሕግም አልነበረም። ያም ሆኖ ተሠራ።

ወረርሽኙ ሲረግብ ግን ሁሉም እንደነበረው ተመለሰ። ከዚያ ትልቅ ፈተና የተገኘው ትምህርት ወደ ሕግ ሳይለወጥ ቀረ። መሥሪያ ቤቱ ሲቸገር ሠራተኛው ቤቱን ቢሮ አድርጎ፣ በራሱ መብራትና በራሱ የኢንተርኔት ጥቅል ሠራለት። ሠራተኛው ሲቸገር ግን መሥሪያ ቤቱ በሩን ዘጋበት። አሠሪ ሲያዝ ከቤት መሥራት «የአገር ግዴታ» ይባላል፤ ሠራተኛ ሲጠይቅ «ስንፍና» ይሆናል። ይህ ሚዛን የተዛባ ነው። ሚዛኑን የሚያስተካክለውም ሕግ ነው።

የአዋጁ አንቀጽ 46 ማንን ያስባል?

«የቤት ሥራ ውል በሕጋችን አለ» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው፤ አለ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ውስጥ ነበረ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ ወጣው አዋጅም ተሸጋግሯል። አንቀጽ 46 እንደሚለው አንድ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥርና አመራር በቤቱ ወይም በመረጠው ቦታ በደመወዝ ሲሠራ የቤት ሥራ ውል ይባላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ አሠሪው ስለሚሰጠው ጥሬ ዕቃ ዓይነት፣ ዋጋና መጠን መዝገብ እንዲይዝ ያዛል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለማን እንደሆነ ልብ በሉ። ክር ተቀብላ ቤቷ ለምትፈትል፣ ጨርቅ ተቀብሎ ቤቱ ለሚሰፋ ሰው ነው። እነሱም ጥበቃ ይገባቸዋል፤ አንቀጹ ይኑር። ነገር ግን አለቃው በየሰዓቱ በቴሌግራም የሚያዘውን፣ ስብሰባ የሚጠራውን፣ ሥራውን በኮምፒውተር የሚከታተለውን ሠራተኛ «ያለ ቀጥተኛ ቁጥጥር የሚሠራ» ማለት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ አንቀጽ የሚናገረው ሁለቱ ወገኖች ስለተስማሙበት ውል ነው። ለመስማማት የሚጠይቀውን ሠራተኛ አይጠብቀውም። ጠያቂው በጥያቄው ምክንያት ቢገፋ፣ ዕድገት ቢነፈግ፣ ቢሰናበት ምን ዋስትና አለው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባል ስትራቴጂ አጸደቀ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ 5 ሚሊዮን ወጣቶችን ኮድ አጻጻፍ የሚያስተምር ፕሮግራም ተጀመረ። መልካም ነው። ዛሬ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በገርጂ ከመኝታ ክፍላቸው ሆነው ለአገር ውስጥና ለውጭ ድርጅቶች የሚሠሩ ልጆቻችን ጥቂት አይደሉም። ለሥራው አሠልጥኖ ሥራው የሚሠራበትን ሁኔታ ያለ ሕግ መተው ግን ዘርቶ አጥር ሳያጥሩ መሄድ ነው።

አማራጫችን

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ጤናማ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 55 ደግሞ የሠራተኛ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የወረዳ ጉዳይ አይደለም፤ የክፍለ ከተማም አይደለም። የምትመርጡት የምክር ቤት አባል ሥራ ነው። እጩዎቻችን ምክር ቤት ሲገቡ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲሻሻልና የሚከተሉት እንዲካተቱበት ረቂቅ ያቀርባሉ።

1ኛ. 60 የሥራ ቀን የሆነውን የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ማንኛውም ሠራተኛ በዓመት ሁለት ጊዜ በሙሉ ወይም በከፊል ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ሆኖ ለመሥራት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ሥራቸው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ሠራተኞች ደግሞ የመግቢያና የመውጫ ሰዓታቸው ወይም ፈረቃቸው እንዲስተካከል በዚሁ ሥርዓት መጠየቅ ይችላሉ።

2ኛ. አሠሪው ሠራተኛውን አነጋግሮ በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ይሰጣል። በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ጥያቄው እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ዝምታ የአሠሪ መሣሪያ መሆኑ ያበቃል!

3ኛ. አሠሪው መከልከል የሚችለው በሕጉ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ሥራው በባሕርዩ በቦታው መገኘትን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለድርጅቱ ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ የሚያስከትል ከሆነ፣ ወይም በደንበኛ አገልግሎት ላይ ጉልህ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ይህንኑ በማስረጃ ያስረዳል። «ልማዳችን አይደለም» የሚል መልስ ምክንያት አይሆንም።

4ኛ. ሥራን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት የማይሆኑ ነገሮች በተዘረዘሩበት የአዋጁ አንቀጽ 26 ላይ «የርቀት ሥራ ጥያቄ ማቅረብ» የሚል ይጨመራል። ጠይቆ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብቱ ይጠበቃል።

5ኛ. ከቤት የሚሠራ ሠራተኛ ደመወዙ፣ የዓመት ፈቃዱ፣ ጡረታውና የዕድገት ዕድሉ ቢሮ ከሚገባው ባልደረባው አያንስም። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ወሰን በቤቱም ይሠራል። ከሰዓት ውጭ የታዘዘ ሥራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያስገኛል። ከሥራ ሰዓት በኋላ ለመጣ መልእክት ባለመመለሱ ማንም አይቀጣም።

6ኛ. ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ አሠሪው ያቀርባል፤ የኢንተርኔትና የመብራት ወጪውንም በስምምነት ይጋራል። ቢሮ ስናስገባው አሠሪው የሚከፍለው ሒሳብ፣ ቤት ስንሠራ ወደ ሠራተኛው ኪስ መዞር የለበትም።

7ኛ. በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት በቤት ውስጥ በሥራ ሰዓትና በሥራው ምክንያት የደረሰውን እንዲጨምር የአዋጁ አንቀጽ 97 ይስፋፋል።

8ኛ. ሠራተኛውን በካሜራ በቤቱ ውስጥ መሰለል ክልክል ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ ይሆናል።

9ኛ. ማንም ሠራተኛ ያለ ፈቃዱ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አይገደድም። የተፈቀደለትም በተገቢ ማስታወቂያ ወደ ቢሮው መመለስ ይችላል።

10ኛ. የነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የአካል ጉዳተኞችና የታመመ ቤተሰብ የሚያስታምሙ ሠራተኞች ጥያቄ ቅድሚያ ያገኛል። እነዚህን መከልከል የሚቻለው ከባድ ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ ይሆናል።

ስለ አሥረኛው ነጥብ ጥቂት እንበል። አዋጁ ለወለደች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው እናቱ ሰልፍ ላይ ናት። አባትየው የሚያገኘው ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ምን አላቸው? የሚያምኗት ሞግዚት ካላገኙ፣ ወይም ለሞግዚት የሚከፍሉት ከሌላቸው፣ ከሁለት አንዳቸው ሥራ ይተዋሉ። የምትተወው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እናት ናት። አገር በስንት ወጪ ያስተማራት፣ በሙያዋ የበሰለች ሴት ከሥራ ገበያው የምትወጣው መሥራት አቅቷት አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤቷ ሆና እንድትሠራ የጠየቀችውን የሚሰማ ሕግ ስለሌለ ነው። የአካል ጉዳተኞች ወገኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። የሥራ ስምሪት መብታቸው በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ታውቋል። ተሽከርካሪ ወንበር የማያስገባ ሚኒባስና ሊፍት የማይሠራበት ፎቅ ግን ያንን መብት በየጠዋቱ ይሽረዋል።

ለተቃዋሚዎቻችን መልስ

አንደኛ፣ «ሠራተኛው ቤቱ ተኝቶ ይውላል» ይላሉ። እኛም እንጠይቃለን፤ ፈርሞ ገብቶ፣ ጃኬቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ማኪያቶ ሊጠጣ የሚወጣውን ማን ነው የማያውቀው? ወንበር ላይ የተሰቀለ ጃኬት ሥራ አይሠራም። ሥራ የሚለካው በውጤቱ ነው። ውጤት መለካት የማይችል አለቃ ሠራተኛውን አጠገቡ ቢያስቀምጠውም አይጠቀምበትም።

ሁለተኛ፣ «መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት አገር የርቀት ሥራ ቅዠት ነው» ይላሉ። ይህንን የሚሉት መብራቱንና ኢንተርኔቱን ላለፉት ዓመታት ሲያስተዳድሩ የነበሩት ናቸው! ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ቆየ። ገመዱ ተበጥሶ አልነበረም፤ በውሳኔ ነው የተዘጋው። ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በሕዝብ መዋጮ የተሠራ ኩራታችን ነው። የዚያ ኃይል ወደ አያትና ወደ ጎሮ ቤቶች ሳይቆራረጥ እንዲደርስ መጠየቅ ደግሞ መብታችን ነው። ፓርቲያችን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢንተርኔት መዝጋትን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ይታገላል። የራስን ጉድለት መብት ለመከልከል ምክንያት ማድረግ ግን ነውር ነው።

ሦስተኛ፣ «ይህ የባለ ላፕቶፖች ቅንጦት ነው፤ ለድሃው ምን ይጠቅመዋል?» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ስለሆነ በግልጽ እንመልሳለን። በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ መኪና ላይ ተቀምጣ የምትሰፋ እህታችን ሥራዋን ወደ ቤቷ ይዛ መሄድ አትችልም። የአየር ማረፊያው ሻንጣ ጫኝ፣ ነርሷ፣ ጥበቃው፣ የካፌው አስተናጋጅም አይችሉም። ለእነሱ ከቤት የመሥራትን ተስፋ ብንሰጥ ዋሽተናል። እነሱን የሚጠቅማቸው በመጀመሪያ የሰዓት ለውጥ የመጠየቅ መብታቸው ነው፤ በ1ኛው ነጥብ ያስገባነውም ለዚሁ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ኮምፒውተሩን ይዞ ቤቱ የቀረ እያንዳንዱ ሠራተኛ በመገናኛ ሰልፍ ላይ አንድ ቦታ፣ በታክሲው ውስጥ አንድ ወንበር ይለቃል። ያ ወንበር የልብስ ሰፊዋ ነው። በመጨረሻም፣ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖረው ዓመታት አልፈዋል። ፓርቲያችን ሁለቱን አያነጻጽርም። የወለል ደመወዝ ጥያቄም በዚሁ ማኒፌስቶ ውስጥ ራሱን ችሎ ቀርቧል።

አራተኛ፣ «ባለሀብቱን ያስደነግጣል» ይላሉ። የምንጠይቀው አሠሪው ሁልጊዜ «እሺ» እንዲል አይደለም። «አይሆንም» ሲል ምክንያቱን እንዲናገር ነው። ምክንያት ያለው አሠሪ የሚፈራው ነገር የለም። በቦሌ የቢሮ ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ሠራተኞቹ ተራ በተራ ቢገቡ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚያተርፍ ከእኛ በላይ ያውቃል። ሦስትና አራት ሠራተኛ ብቻ ላላቸው አነስተኛ ድርጅቶች ደግሞ የመልሱ ሥርዓት አጭርና ቀላል እንዲሆን በሕጉ ይታሰባል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

አዲስ ነገር ፈጥረን አልመጣንም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 ትንንሽ ልጆችና አካል ጉዳተኛ ልጆች ላሏቸው ወላጆች የሥራ ሁኔታቸው እንዲለወጥ የመጠየቅ መብት በሕግ ሰጠች። በ2014 ለሌሎቹም ሠራተኞች አሰፋችው። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ደግሞ ሠራተኛው ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ መጠየቅ ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ አሠሪው ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ይመልሳል። አየርላንድ የርቀት ሥራ የመጠየቅን መብት በ2023 ባወጣችው ሕግ አስገብታ በ2024 ሥራ ላይ አዋለችው። ስፔን በ2020 ባወጣችው የርቀት ሥራ ሕግ የመሣሪያና የሥራ ወጪ በአሠሪው ላይ እንዲወድቅ ወሰነች። የእነዚህ አገሮች ፋብሪካዎች አልተዘጉም፤ ባለሀብቶቻቸውም አልተሰደዱም።

እንግሊዝ ከጥቂት ወላጆች ተነሥታ ሁሉም ሠራተኛ ዘንድ ለመድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። እኛ ያንን ሁሉ ዓመት መጠበቅ የለብንም። «ጊዜው ገና ነው» ለሚሉን ግን የራሳችንን ታሪክ እናስታውሳቸዋለን። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 የኢትዮጵያ ሠራተኛ በማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር እንዲደራደር ዕውቅና ሲሰጥ ኢትዮጵያ ከዛሬው እጅግ ድሃ ነበረች። ሆኖም አገር አልፈረሰችም። የሠራተኛ መብት ሁሉ ከመጻፉ በፊት ቅንጦት ይባላል፤ ከተጻፈ በኋላ ግን እንዴት ያለ እሱ ይኖር እንደነበር የሚያስታውስ ይጠፋል።

ድምፃችሁ የት ይውላል?

ውድ መራጮች!

ይህንን መብት አሠሪዎች በችሮታ አይሰጡንም። ገዥው ፓርቲም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን በእጁ ሳለ ይህንን አላደረገም። ሕዝብን ማገልገል የሚለካው በሚቆረጥ ሪባን ብዛት ሳይሆን ለተራው ዜጋ በሚመለስለት ሰዓትና በሚጠበቅለት ክብር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰማይ ቤት አልሠራንላችሁም። ትራፊኩን በአንድ ሌሊት እናጠፋለን አላልንም። የሁሉም ሰው ጥያቄ ይፈቀዳል አላልንም። ያልነው ይህንን ነው፤ ሠራተኛ ሲጠይቅ ይሰማ፤ ሲከለከል ምክንያቱን ይወቅ፤ ስለጠየቀ አይቀጣ። ከቤቱ ሲሠራም ደመወዙ፣ ሰዓቱና ክብሩ እንደተጠበቀ ይሁን።

ይህ ቃላችን በጽሑፍ በእጃችሁ ገብቷል። አስቀምጡት። ብትመርጡን በምክር ቤቱ የመጀመሪያ የሥራ ዓመት ረቂቁን ካላቀረብን ይህንኑ ወረቀት ይዛችሁ ቢሮአችን ድረስ ኑና «የት አለ?» በሉን። አለቆቻችሁን መጠየቅ ባልቻላችሁበት አገር፣ ቢያንስ እኛን የመጠየቅ መብታችሁን ዛሬውኑ ሰጥተናችኋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ከአራብሳ እስከ ገርጂ፣ ከአያት እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም በየጠዋቱ በአንድ ሰልፍ የምንቆም ሰዎች፣ በምርጫው ቀንም ለአንድ ዓላማ በአንድ ሰልፍ እንቁም!

መጠየቅ መብት ነው!
መልስ መስጠት ግዴታ ነው!